አራት ሴቶች፣ አንድ ስም

ደብዳቤው የደረሰን ክረምቱ በበረታበት ሰሞን፣ ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ሰው ከሰው መነጋገር በማይችልበት አንድ ጠዋት ነበር። የጤና ጣቢያችን ኃላፊ ወረቀቱን በካርድ ክፍሉ መስኮት አቀበለኝና ዝናቡ እስኪያባራ እዚያው ቆሞ ጠበቀኝ። ጋብ ሲል፣

«አንብቢው» አለኝ። «የአንቺ ጽሕፈት ነው የተከሰሰው።»

ካርድ ክፍል ከገባሁ ያን ጊዜ ስድስት ዓመቴ ነው። ጤና ጣቢያው ከአሶሳ በሚኒባስ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ያስኬዳል። በአንድ ወገን በደርግ ጊዜ ከወሎ የመጡት የእነ አባቴ የሰፈራ መንደሮች አሉ፤ በሌላው ወገን እስከ ወንዙና ከወንዙ ማዶ የበርታዎች መንደሮች ናቸው። የእኔ ሥራ በሽተኛ ሲመጣ ፎልደሩን ፈልጎ ማውጣት፣ የጤና መድን አባል ከሆነ ደብተሩን አይቶ ቁጥሩን መመዝገብ ነው። አባላቱ በዓመት አንዴ መዋጮ ይከፍላሉ፤ ሲታመሙ ያለ ክፍያ ይታከማሉ። እኛ ደግሞ በየሦስት ወሩ የሰጠነውን ሕክምና ዘርዝረን ለወረዳው የመድን ክፍል እንልካለን፤ መድኑ ይከፍለናል። ዝርዝሩን የማዘጋጀው እኔ ነበርኩ። ከተከፈለን በኋላ ኦዲተር ያየዋል፤ ያላግባብ የተከፈለ ካገኘ ከሚቀጥለው ክፍያችን ላይ ይቀነሳል።

ኦዲተሩ ከአሶሳ የጻፈው ደብዳቤ የሚለው በአጭሩ እንዲህ ነው። አንዲት ሴት በአንድ ቀን አራት ጊዜ፣ በአራት ዓይነት በሽታ ታክማለች ተብሎ ተከፍሏችኋል። ይኸው ነገር በሌሎች ቀናትም ተደጋግሟል። ስለዚህ ትርፉ ክፍያ ተመላሽ ይሆናል፤ መልስ ካላችሁ በአሥራ አምስት የሥራ ቀናት ውስጥ ከነማስረጃው አቅርቡ።

የሴትዮዋን ስም ሳነብ ሳቄ አመለጠኝ።

«ምን ያስቅሻል?» አለ ኃላፊያችን። ፊቱ አመድ መስሎ ነበር።

«አንዲት ሴት አይደለችም እኮ። አራት ናቸው።»

አራቱ የአንድ መንደር ሴቶች ናቸው። ስማቸው አንድ ነው፤ የአባቶቻቸውም ስም አንድ ነው፤ ግን እህትማማቾች አይደሉም። በዚያ መንደር ሁለቱም ስሞች የሌሉበት ቤት የለም። እኔ ለራሴ የምለይበት አጠራር ነበረኝ፦ ትልቋ፣ የመንትዮቹ እናት፣ ባለ ባምያዋና የማዶዋ። ትልቋ ደም ግፊት አለባቸው፤ አማርኛ አይሰሙም፤ ነጭ ጋውን ሲያዩ ደግሞ ይፈራሉ። ስለዚህ ብቻቸውን መጥተው አያውቁም። የመንትዮቹ እናት ልታስተረጉም ትመጣለች። ባለ ባምያዋ ባምያ ልትሸጥ ቅዳሜ ገበያ ስለምትወጣ አብራ ትመጣለች። የማዶዋ ደግሞ እነሱ ካሉ ብላ ወንዙን ተሻግራ ትመጣለች። ከመጡ በኋላ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ሕመም ትዝ ይላቸዋል። ለአንዷ ሲባል አራቱም ካርድ ያወጣሉ። እኔ እንዲያውም የቅዳሜን ግርግር የምወደው እነሱ ደጃፉ ላይ ቁጭ ብለው ሲሳሳቁ ስለምሰማ ነበር።

«ታዲያ ቀላል ነው» አለ ኃላፊያችን፤ ፊቱ ትንሽ በራ። «ሴቶቹን አምጥተን እናሳያቸዋለን።»

እኔም ቀላል መስሎኝ ነበር። ከሰዓት በኋላ ግን የላክነውን ዝርዝር ቅጂ አውጥቼ ሳገላብጥ ሌላ ስሕተት አገኘሁ። ስማቸው አንድ መሆኑ ብቻ አልነበረም ነገሩ። በሁለት ቅዳሜዎች የአራቱም የመድን ቁጥር አንድ ሆኖ ተጽፏል። ትዝ አለኝ። ሰው መስኮቱን አጨናንቆ ነበር፤ አራቱን ደብተሮች ደራርበው ሰጡኝ፤ እኔ ከላይ ያለውን ብቻ ገልጬ ያንኑ ቁጥር አራት ቦታ ገልብጬዋለሁ። አውቃቸዋለሁና መለየት አላስፈለገኝም። አሶሳ ቢሮ ውስጥ ሆኖ ለሚያነበው ሰው ግን አንድ ስም፣ አንድ ቁጥር፣ አራት ሕክምና ነው። እኔም በእሱ ቦታ ብሆን እጠረጥር ነበር።

ለኃላፊያችን ሄጄ ነገርኩት። ዝርዝሩን ተቀብሎኝ መልሶ አጠፈው። ጓንቱንም መድኃኒቱንም የምንገዛው በዚያ ክፍያ ነው፤ እሱን እያሰበ እንደሆነ ገባኝ።

«ሴቶቹ ይምጡ፤ ስለ ቁጥሩ እኛ ባንናገርስ?» አለ።

«ቁጥሩን አይቶ አይደል የጻፈው?»

«እንግዲህ አንቺ ታውቂያለሽ» ብሎ ወጣ።

ሴቶቹ አራት ናቸው ብለን መልሱን ጽፈን ላክን። ኦዲተሩም በሚቀጥለው ቅዳሜ እመጣለሁ ብሎ ደወለ።

በሞተር ሳይክል ኋላ ተፈናጦ መጣ። ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦታል፤ እግሩ ጭቃ ብቻ ነው። ዕድሜው ሃምሳን አልፏል፤ ገብስማ ጸጉሩን አሳጥሮ ተቆርጧል። ከሁሉ በፊት ውኃ ለመነና ከበርሜሉ ጎን ቆሞ እግሩን ታጠበ። ከዚያ ጨበጠን፤ ካርድ ክፍል ገብቶ ከፊቴ ተቀመጠ።

«በይ እህቴ፣ መጀመሪያ አንቺ ንገሪኝ።»

ሳምንቱን ሙሉ በልቤ ሳሰናዳ የከረምኩት ንግግር ነበረኝ። ሁሉንም ተውኩት። «ጋሼ፣ ሴቶቹ በእርግጥ አራት ናቸው። ቁጥሩን የተሳሳትኩት ግን እኔ ነኝ» ብዬ በአንድ ትንፋሽ ጨረስኩት። ደብተሮቹ ተደራርበው እንደነበር፣ ከላይ ያለውን ብቻ እንደገለጥኩ፣ ሁሉንም ነገርኩት። እስክጨርስ ብዕሩን አላነሳም።

«እንዲህ ይሆናል ብዬ ገምቼ ነበር» አለ። «ስለነገርሽኝ ግን ደስ ብሎኛል። አሁን እንያቸው።»

አግዳሚው ላይ የነበሩት ሦስት ናቸው። የማዶዋ አልመጣችም። እሱ ግን አልተጣደፈም፤ ትልቋን እጃቸውን ይዞ ወደ ምርመራ ክፍሉ አስገባቸውና ደብተራቸውን ተቀብሎ ፎቶውን ከፊታቸው ጋር ማስተያየት ጀመረ። ትልቋ አንገታቸውን አስግገው ፎቶውን አዩና በበርታ አንድ ነገር ተናገሩ። የመንትዮቹ እናት በሳቅ ፈረሰች። አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋዋ ስለሆነ እንደ ጓደኞቿ ሴቷንም፣ አንዳንዴ ራሷንም «እሱ» ነው የምትለው፤ እኔ ከለመድኩት ቆይቷል።

«ምን አሉ?» አለ ኦዲተሩ።

«ይሄ ፎቶ እኔ አይደለም ይላል። ፎቶ ላይ ያለው አሮጌ ነው ይላል።»

እኔ ደነገጥኩ፤ የመጣው እኮ ሰዎቹ እነሱ መሆናቸውን ሊያረጋግጥ ነው። እሱ ግን መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን እስኪያብስ ድረስ ሳቀ። «ልክ ነዎት እናቴ፣ ፎቶው በድሎዎታል» አለና ፈረመ። ከዚያ ግፊታቸው መቼ መቼ እንደሚለካ፣ ክኒኑን በየቀኑ ይውጡት እንደሆነ በአስተርጓሚዋ በኩል ጠየቃቸው። የመንትዮቹን እናትና ባለ ባምያዋንም እንዲሁ ለየብቻ አነጋገራቸው። ያሉት ሁሉ ከፎልደራቸው ጋር ገጠመ።

«አራተኛዋስ?» አለ።

«እሱ ይመጣል» አለች ባለ ባምያዋ። «ወንዝ ሞላ። ኢንሻላህ ይመጣል።»

ኃላፊያችን ጠጋ ብሎ፣ «እንግዲህ ሦስቱን አይተዋል፤ አራተኛዋም እንደዚሁ ናት» አለው።

«ያላየኋትን አየሁ ብዬ እንዴት እፈርማለሁ?» አለ፤ ቁጣ አልነበረበትም። «ደንቡ አገልግሎቱን ያላረጋገጥኩበት ክፍያ ይመለስ ነው የሚለው። ወንዙ ሩቅ ነው?»

ሩቅ አልነበረም። ሱሪውን እንደገና ሰብስቦ ተነሳ፤ እኔና የመንትዮቹ እናት ተከተልነው።

ወንዙ ከዳር እስከ ዳር ቀይ ነበር፤ የቀርከሃ ግንድ ይዞ ይወርዳል። የማዶዋ እዚያኛው ዳር ቆማለች። ቢጫ ሽርጧን ለብሳ፣ የመድን ደብተሯን በላስቲክ ጠቅልላ ይዛለች። ስታየን ደብተሩን ከፍ አድርጋ አሳየችን። የመንትዮቹ እናት በበርታ ጮኸችላት። የማዶዋ ፈገግ ብላ ደብተሩን እንደገና ከፍ አደረገች። ሁለተኛ ጮኸችላት፤ አሁንም ደብተሩን ከፍ። የውኃው ጩኸት ነው ያላሰማት ብለን አሰብን።

ቀኑ እየሄደ ስለነበር እኔ፣ «ምን ታማ እንደነበር ጩኺና ጠይቂያት፤ እዚሁ እናረጋግጥ» አልኩ። ኦዲተሩ ክንዴን ያዘኝ።

«ተዪ፤ መንደሩ ሁሉ እየሰማ በሽታዋን አናስወራትም። ዝናቡ ካልተመለሰ ውኃው ይቀንሳል። እንጠብቃለን።»

ማንጎ ጥላ ሥር ተቀመጥን። ባለ ባምያዋ ገበያው አጠገብ ካለ ዘመድ ቤት በሳሕን ገንፎ ላከችልን፤ መሐሉ በባምያ ወጥ ተሞልቷል። ከአንድ ሳሕን በላን። እሱ ኦዲተር ከመሆኑ በፊት ለረጅም ጊዜ መድኃኒት ቤት ውስጥ ይሠራ እንደነበር የነገረኝ ያን ጊዜ ነው። «ሰው መድኃኒቱን ይዞ ዞር ሲል የማየው ጀርባውን ነበር» አለኝ። «ዳነ? አልዳነ? አላውቅም። ቀጣዩን እጠራለሁ። አሁን ቢያንስ ቤታቸው ድረስ ሄጄ እጠይቃለሁ።» እኔ ኦዲተር የሚባለውን ሰው ሊይዝ የሚመጣ አድርጌ ነበር የማስበው። ጎኑ ተቀምጬ ገንፎ ስበላ ያ ፍርሃት ከላዬ ሲወርድ ታወቀኝ።

ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ውኃው ጎደለ። የመንትዮቹ እናት ቀሚሷን ወገቧ ላይ ቋጥራ ገባችና መሐል ድረስ ሄዳ የማዶዋን እጇን ይዛ አሻገረቻት። ወደ ጤና ጣቢያው ስንመለስ ኦዲተሩ በግራዋ በኩል እየሄደ ስለ መንገዱ፣ ስለ ልጆቿ ጠየቃት። አልመለሰችለትም። እኔ ያፈረች መስሎኝ ነበር። እሱ ትንሽ ከሄደ በኋላ ዞሮ በቀኟ በኩል ሆነ፤ ያንኑ ጥያቄ ደገመው። ወዲያው ቀና ብላ መለሰችለት። እስክንደርስ ድረስም ከቀኟ አልተለየም።

ክፍሉ ውስጥ ፎልደሯን ገለጥኩለት። እሷ በራሷ አማርኛ ተናገረች።

«ጆሮ ነበር። በጣም ያማል። ሐኪም አየ፣ ወረቀት ጻፈ።»

«መድኃኒቱንስ ወሰድሽ?»

«አልወሰድኩም። መድኃኒት ቤት የለም አለ። እኔ ቤት ሄደ።»

«ከዚያስ?»

«ዘይት አሞቀ፣ ጨመረ። መግል ወጣ፣ ብዙ ቀን። ከዚያ ሕመም ተወ።» በግራ ጆሮዋ ላይ መዳፏን አሳረፈች። «አሁን ይሄ ዝም አለ።»

ኦዲተሩ ከፊቱ ያለውን ዝርዝር ተመለከተ። የጆሮ ጠብታና ካፕሱል ተብሎ፣ ዋጋው ተጽፎ፣ ተከፍሎናል። ጽሕፈቱ የእኔ ነው።

«ይሄን ከየት ነው የገለበጥሽው?» አለኝ።

«ከሐኪሙ ማዘዣ።»

«መሰጠቱን አይተሻል?»

የማዘዣውን ቅጂ አወጣሁ። ከሁለቱም መድኃኒቶች ስም ጎን ትንሽ ክብ ተደርጎባቸዋል። መድኃኒት ቤት ያለችው ልጅ መድኃኒት ሲያልቅባት የምታደርገው ምልክት ነው። ስድስት ዓመት እዚያ ቤት ስሠራ ያቺን ክብ ምን ናት ብዬ ጠይቄ አላውቅም። የታዘዘውን ሁሉ እንደተሰጠ አድርጌ እገለብጥ ነበር።

«አላየሁም» አልኩ።

«ይሄ ይመለሳል» አለ ቀስ ብሎ። «እንደዚህ ያለ ሌላም ካለ ይመለሳል። ሰኞ ማዘዣዎቹን አንድ በአንድ አብረን እናያለን።» ከዚያ ብዕሩን አስቀመጠና ወደ ኃላፊያችን ዞረ። «መድኃኒቱ ዛሬ አለ?»

ኃላፊያችን ራሱ ሮጦ ሄዶ አይቶ መጣ። ነበረ። ራሱም የጤና መኮንን ነውና ጋውኑን ለብሶ፣ ጆሮዋን በባትሪ አይቶ፣ አጽድቶ፣ ጠብታውን በእጁ አደረገላት። ጠበቅ ያለ ሰው ነው፤ ያን ቀን ግን አገጯን ይዞ ጭንቅላቷን ሲያዘነብል እንደ ሕፃን ነበር የያዛት። የጆሮዋ ታምቡር ሳይቀደድ አይቀርም ብሎ ወደ አሶሳ ሆስፒታል የሪፈር ወረቀት ጻፈላት። ኦዲተሩም ቁጥሯ በትክክል መጻፉን፣ ማኅተሙ መመታቱን ሁለቴ አየ፤ አንዱ ቢጎድል መልሰው ይሰዷታል አለ።

እኔ ጥግ ላይ ቆሜ ዓይኔ ሞላ። እነዚያን ሁሉ ቅዳሜዎች ደጃፉ ላይ ስትስቅ እሰማት ነበር። መድኃኒት ሳትይዝ እንደሄደች፣ ሌሎቹ የሚሉትን ግማሹን ሳትሰማ አብራ እንደምትስቅ አላወቅኩም። የማዶዋ ከወንበሯ ተነስታ መጣችና ጉንጬን በሽርጧ ጫፍ ጠረገችልኝ።

«አንቺ ምን ሆነ?» አለችኝ። «ጆሮው የእኔ ነው!»

ሦስቱ ከበር ላይ ሆነው ሲስቁ እኔም ከነእንባዬ ሳቅሁ።

ሰኞና ማክሰኞ ከኦዲተሩ ጋር ማዘዣዎቹን ስናገላብጥ ዋልን። ክብ ያለባቸው ሌሎችም ተገኙ። የስሙ ጉዳይ ተሰረዘ፤ ያልተሰጠው መድኃኒት ዋጋ ግን ከሚቀጥለው ክፍያችን ላይ ተቀነሰ። ደንቡ የሚለው ይኸው ነው፤ ልክም ነበር። ኃላፊያችን ከሳምንት በላይ ከሰላምታ ያለፈ አላናገረኝም። እኔ መድኃኒት ያጡትን ሰዎች ስም በአንድ ወረቀት ላይ ጽፌ ነበር፤ አንድ ቀን ጠዋት ያንን ወረቀት ከጠረጴዛዬ ላይ አንስቶ አነበበው። «ጤና ኤክስቴንሽኖቹ በየቤታቸው ሄደው ይዩአቸው» አለ። ከዚያ ቀን በኋላ እንደ ድሮአችን ሆንን። የአብዛኞቹ ሕመም በራሱ ለቋቸዋል። ሁለቱ ግን ተመልሰው መጥተው ታከሙ።

ወደ አሶሳ የማዶዋን ይዣት የሄድኩት እኔ ነኝ፤ ፈቃድ ጠየቅኩና አብሬያት ሄድኩ። የሆስፒታሉ ሐኪም ታምቡሩ መቀደዱን አረጋግጦ መድኃኒት ሰጣት፤ ውኃ እንዳይገባበትም አስጠነቀቃት። ወንዝ ለምትሻገር፣ ዝናብ ለሚመታት ሴት ቀላል አልነበረም። ጥጥ በቫዝሊን እየነከረች ጆሮዋን እየደፈነች ክረምቱን ገፋችው። ባለ ባምያዋም ቅዳሜ ቅዳሜ ጥጡን እየገዛች ትልክላት ነበር።

ዝናቡ ካባራ በኋላ ለቀጠሮ ተመለስን። ሐኪሙ ረጅም ጊዜ አየላት። ቁስሉ ደርቋል፤ ቀዳዳውም ከሞላ ጎደል ተዘግቷል አለ። መስማቱ ግን ሙሉ ለሙሉ ላይመለስ ይችላል፤ ቀድማ ብትታከም ኖሮ ይሻል ነበር። ይህን ሲል እኔ መሬት መሬት አየሁ። እሷ ምን እንዳለ ጠየቀችኝ። የሸሸግኳት የለም፤ በቀኟ ሆኜ ሁሉንም ነገርኳት። ራሷን ነቀነቀች። «አልሐምዱሊላህ» አለች።

ወደ መናኸሪያው ስንሄድ የሙዚቃ ካሴትና ስልክ የሚሸጥበት አንድ ሱቅ ጋ ደረስን። በሩ ላይ ትልቅ ድምፅ ማጉያ አውጥተው የበርታ የሰርግ ዘፈን ለቀዋል፤ ዙምባራው፣ ያ ረጅሙ የቀርከሃ መለከት፣ ከበሮውን ተከትሎ ይጮሃል። የማዶዋ ቆመች። እኔ መኪናው እንዳያመልጠን እጇን ሳብኳት፤ አልተነቃነቀችም። ቀኝ ጆሮዋን በጣቷ ደፈነችና ግራውን ወደ ማጉያው አዞረች። ዓይኗን ጨፈነች።

ጣቷን እስክታነሳ ጠበቅኋትና፣ «ይሰማል?» አልኳት።

«ትንሽ» አለች። «ሰርጉ ሩቅ ነው። ወንዝ ማዶ ነው። ግን ሰርግ እንደሆነ አወቅኩ።»

ቀኝ ጆሮዋን መልሳ ደፈነች። ባለ ሱቁ ከውስጥ ሆኖ አያትና ድምፁን ጨመረላት። ዘፈኑ እስኪያልቅ እዚያው ቆምን።